ያለ ትርጉም ያየሁት የቤንጋሊ ፊልም

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ እሱም ዳዊት ድረስ አላደረሰኝም። ስዊድንኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም፤ ጽሑፉ ግን ከዓይኔ ይሮጣል። ስለዚህ ስቶክሆልም፣ ፋርስታ ሰፈር ቤታችን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን ስናይ፣ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ሚስቴ እያነበበች በአማርኛ ትነግረኛለች። የአሜሪካው ፖሊስም የዴንማርኩ መርማሪም ለእኔ የሚናገሩት በእሷ ድምፅ ነው። ሲሰለቻት ታሳጥራለች፤ አውቅባታለሁ።

“ይህን ሁሉ ለፍልፎ ‘እሺ’ ብቻ ነው ያለው?” ስላት፣

“አዎ፣ ነገር የሚያበዛ ሰው ነው” ትለኛለች።

የእኛ ሚሊኒየም በገባበት ዓመት ከበላያችን ካለው ፎቅ አንድ ቤንጋሊ ገባ። ከካልካታ ነው፤ ጡረተኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ሚስቴ የተዋወቀችው ትቬትስቱጋ፣ የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ የእጥበት ፍቅር ያዛት። አንሶላ እስኪከመር የምትጠብቅ ሴት፣ ለካልሲ ቀጠሮ ትይዝ ጀመር። ስትመለስ ወሬዋ እሱ ነው። ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ መጽሐፍ ያነባል።

“ያንብብ፤ ማን ከለከለው?” አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠራን። የአገሩን የድሮ ፊልም በዲቪዲ ሊያሳየን፣ ከዚያም ሊያበላን። ፊልሙ ከአጭር ልቦለድ የተሠራ ነው፤ ልቦለዱን በልጅነቱ እናቱ አንብባለት ነበር አሉ። እኔ እንደሆነ ለህንድ ፊልም ትርጉም አያሻኝም። በጎረምሳነቴ መርካቶ ሲኒማ ቤት አንድ ቃል ሳንሰማ ስንቱን አልቅሰን ወጥተናል! አክተሩ በመልኩ ይታወቃል፣ ክፉው በሪዙ ይታወቃል፣ ሲፋቀሩ ይዘፍናሉ፤ አለቀ።

ይኼኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ዘፈን የለ፣ ዱላ የለ። ወንዝ ዳር ያለ ቤት፣ አንድ ዝምተኛ ባል፣ መስኮት ላይ የምትቀመጥ ሚስት። አንድ ቀን ጎረምሳ ጃንጥላውን ይዞ በጀልባ መጣ። ሴቲቱ ስታየው አለቀሰች፤ ዓሣ ጠበሰችለት። ባልየው በር ላይ ቆሞ ያያል። ጎረምሳውን አየሁት፤ ሪዝ አለው። በቃ ገባኝ።

ቢሆንም ሚስቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ዞር አላለችም። ለካ ቤንጋሊው “ከሥር የተጻፈው ትርጉም ልክ አይደለም፣ እሷ ያለችው እንዲህ ነው” እያለ በዚያ በኩል ያንሾካሹክላታል፤ እሷም አንገቷን ወደ እሱ አዘንብላለች። ለደካማ ጆሮዬ የሚደርሰኝ ‘ሽ፣ ሽ’ ብቻ ነው። ወንበር ላይ እንደተጣለ ካፖርት ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ጎረምሳው በጀልባው ሄደ። ሴቲቱ ወንዙ ዳር ቆማ ታለቅሳለች።

“ባልየው ሞኝ ነው!” አልኩ በስዊድንኛ፣ ጮክ ብዬ። “ገና የመጣ ዕለት ውሽማዋን ከነጃንጥላው ወንዝ አይከተውም ነበር?”

ቤንጋሊው አፍጥጦ አየኝ። ሚስቴ በአማርኛ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ወንድሟ እኮ ነው!” አለችኝ።

ወንድሟ ከሆነ ታዲያ ሪዝ ምን አስፈለገው?

ሩዝና ዓሣ ቀረበ። ሰውዬው እንደ እኛው በእጁ ይበላል። ሚስቴ ይህን ስታይ አገር ቤት ያለች መሰላት፤ የዓሣውን አጥንት ለቅማ፣ በሩዝ ጠቅለል አድርጋ አጎረሰችው። ደነገጠ፤ ግን አፉን ከፈተ። “አንድ ያጣላል” አለችና ደገመችለት። አንድ ካጣላ ሁለት ምን እንደሚያደርግ ለሰውዬው አልነገረችውም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ያፋቅራል።

“ሦስተኛውንም ጨምሪለት” አልኳት። “እኔ ቤቴ ሄጄ አጥንቴን ለራሴ እለቅማለሁ።” ተነሥቼ ወጣሁ።

ሚስቴ ከዚያ ስትመለስ ብታኮርፍ በተሻለኝ። እራት አቀረበች፣ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተች፣ ለብቻዋ አነበበች። ስትስቅ በምን እንደሳቀች አላውቅም። አንዱ ፊልም ላይ ሰው ተገደለ፤ ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በነጋታውም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሚስቴን በዚህ ዕድሜ ጠልፎ የት ያደርሳታል? የፈራሁት ያን ንባቧን እንዳላጣ ነው። ንባቧን ይዛ ላይኛው ፎቅ ከወጣች፣ እኔ ስቶክሆልም ላይ ደንቆሮ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው።

ይቅርታ የሚሉት ቃል ከአፌ አይወጣልኝም። አንድ ምሽት፣ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል፣ “ወንድሟ ምን ብሏት ነው ያስለቀሳት?” አልኩ።

“የማን ወንድም?”

“የዚያች፣ የወንዝ ዳሯ።”

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችው። “አባቷ ቤት ሊመልሳት ነው የመጣው። ባልሽ አያነጋግርሽ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አላት።”

“እሷስ?”

“እዚሁ እኖራለሁ አለች።”

“ለምን?”

“እሱን ፊልሙ አይናገርም። ቤንጋሊው እንዳለው ግን፣ መጽሐፉ ላይ…”

ቤንጋሊው እንዳለው! ፊልሙ የእሱ፣ መጽሐፉ የእሱ፤ ይኸው ደግሞ መጥቶ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ። ተይው ልላት አፌን ከፈትኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፉ ያልፋል፤ እሷ አታየውም፣ ወደ እኔ ዞራ ተቀምጣለች።

“እሺ” አልኳት፣ “መጽሐፉ ላይ ምን ይላል?”