ጸበል የማያጠፋው ሞተር

የአባቴን አሮጌ ፒክአፕ ሊበታትን ያሰፈሰፈ ሰው ነበር። ደብረ ማርቆስ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ በሩንም ጎማውንም ለማን እንደሚሰጥ አስቦ ጨርሷል። ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ሞቷል፣ ምትኩም ከገበያ ጠፍቷል፣ ስለዚህ መኪናዋ አበቃላት ተባለ። እኔ ግን አሻፈረኝ አልኩ። አባቴ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ይጁቤ ያለውን ማሳቸውን የሚያዩት በእሷ ነው። እሷ ከሄደች ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሊቀሩ ነው፤ መቀመጥ ደግሞ አባቴን ይገድላቸዋል።

ኮምፒውተሩ ከባትሪው አጠገብ ያለ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ስከፍተው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ብቻ። መኪናዋ የቆመችበት ጋራዥ ባለቤት አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ።

«ይሄማ የጸበል ሥራ ነው። አባትሽን ማፍሰሱን ይተዉ በያቸው፤ አለዚያ አዲስ ብትገጥሚም ዋጋ የለውም።»

እውነቱን ነው። አባቴ በየወሩ በሚካኤል ቀን ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ ላይ ጸበል ያፈሳሉ። መርጨት አይደለም፣ ማፍሰስ! መኪናዋ መታመም ስትጀምር ደግሞ ጨመሩላት። ታዲያ «የገደሏት እርስዎ ነዎት» ልበላቸው? አልልም። ጸበሉንም አላስቆምም፣ መኪናዋንም አላስበትንም። አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሊያዘኝ ነው?

እንጀራዬ ስልክና ቴሌቪዥን መጠገን ነው፤ መኪና ነክቼ አላውቅም ነበር። ከአዲስ አበባ በላፕቶፕ የሚስተካከል አዲስ የሞተር ኮምፒውተር አስመጣሁ። አሮጌው በነበረበት ቦታ ግን አላስቀመጥኩትም። ሽቦዎቹን አስረዝሜ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ደበቅኩት፤ ሞተሩ ጋ የቀረውን መጋጠሚያ ሁሉ በሲሊኮን አሸግኩት።

«መርከብ ነው እንዴ የምትሠሪው?» አሉኝ ጋራዡ ውስጥ ያሉት።

መጀመሪያ ስትነሳ ጥቁር ጭስ ተፍታ ጠፋች። ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የመጣው የነዳጅ ልክ ለቆላ የተሠራ ኖሯል፤ የእኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ በዝቶባት ታፍናለች። መለዋወጫ ሻጩ ይህን ሰምቶ መፍቻውን ይዞ ከተፍ አለ። ይሄኔ እልህ ያዘኝ። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነዳጁን እየቀነስኩ፣ እያስነሳሁ፣ እየጠፋችብኝ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ሳታስል ሠራች።

በማግስቱ ሚካኤል ነበር። አባቴ በቢጫ ጀሪካን ጸበል ይዘው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ጋራዡ መጡ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ሰዉ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ፤ መለዋወጫ ሻጩም አለ። አባቴ ግን ክዳኑን እንደያዙ አመነቱ።

«ልጄ፣ ጸበልዎ ነው የገደላት ይሉኛል። እውነት ነው?»

እንዲህ ሲፈሩ አይቻቸው አላውቅም። አንጀቴን በሉት። ኮፈኑን ብድግ አድርጌ ከፈትኩና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አልኩ።

«ያፍስሱ አባዬ! እንዳይሰስቱ!»

አፈሰሱት፤ ጠብታ አላስቀሩም። ሞተሩ በእንፋሎት ተሸፈነ። ድምፁ ግን አልተለወጠም። አባቴ ለረጅም ጊዜ አዳመጡትና ኮፈኑን ዘግተው መሪው ላይ ተቀመጡ።

«ግቢ፣ ይጁቤ እንሂድ» አሉኝ።

ባዶውን ጀሪካን በመስኮት ለመለዋወጫ ሻጩ አቀበሉት። ከመኪናችን የደረሰው ያ ጀሪካን ብቻ ነው።