ጭላዳ ሴት አይፈራም

ያ ትልቁ ጭላዳ ዝንጀሮ ምን አይቶ ይሆን የተመለሰው? ስለ ሰሜን ተራሮች እጄ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ አንብቤያለሁ። ጭላዳ ሣር በል መሆኑን፣ ሲቆጣም ከንፈሩን እንደሚገለብጥ ጽሑፎቹ ይነግሩኛል። የኔን ጥያቄ የሚመልስ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ልጅ እያለሁ መንደራችን ፓርኩ ውስጥ ነበር። ቦታው ከተከለለ ቢቆይም እኛ እዚያው እናርስ ነበር። ጠዋት የጓሳው ሣር ውርጭ ለብሶ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ የጦስኝና የእርጥብ አስታ ቅጠል ሽታ ይነሳል። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ጅባራ ሜዳውን ሞልቶታል። ከገብስ ማሳችን ጫፍ በኋላ ምድር ያልቃል፤ ገደል ነው፣ ከሥሩ ቆላው በጉም ተሸፍኖ። ዋልያዎች በገደሉ ወገብ ሲያልፉ ከላይ ሆኜ ጀርባቸውን አያለሁ። ጭላዳዎቹም እዚያው ገደል ላይ አድረው፣ ሲሞቅላቸው ወደኛ ይወጣሉ።

ገብሱን ከነሱ መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር። በኛ አገር «ጭላዳ ሴት አይፈራም» ይባላልና ገብስ የምትጠብቅ ልጅ ወንድ መምሰል አለባት። የአባቴ ካፖርት ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ የሱፍ ቆቡ ሹሩባዬን ውጦ ቅንድቤ ላይ ያርፋል። ውሃ ልትቀዳ የምታልፈው ጎረቤታችን እትየ ዘውዴ አንድም ቀን አልማረችኝም።

«እንደምን አደሩ አያ! ምነው፣ እስካሁን ሚስት አላገቡም?»

«እግዜር ይመስገን» እላለሁ ድምፄን አጎርንኜ። እንስራዋ እስኪነቃነቅ ትስቃለች።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። አባቴ «ገብሱ በደህና ከገባ ደባርቅ አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ትማሪያለሽ፤ ከተበላ በምን አስተምርሻለሁ?» ብሎኛል። እኩዮቼ ማንበብ ጀምረዋል፤ እኔ ገና ሀ ሁ አልቆጠርኩም። እያንዳንዱን ዛላ የማየው እንደ ትምህርት ቤቴ ነበር።

አጨዳው ሲቃረብ፣ አንድ ረፋድ ከገደሉ የተነሳ ነፋስ ቆቤን ነጠቀኝ። ልይዘው ስሮጥ ካፖርቱ ጠለፈኝና ወደቅሁ፤ ቆቡ ቆላ ወረደ። ቀና ስል መንጋው በሙሉ ከገደሉ አፍ ወጥቶ ያየኛል። ካፖርቱ ከትከሻዬ ወርዷል፣ ሹሩባዬ ተገልጧል፣ ቀሚሴ በነፋስ ይውለበለባል። ጭላዳ የማባርርበት ጅራፌ የት እንደገባ እንጃ።

የመንጋው አውራ፣ ያ ትልቁ ጭላዳ፣ የደረቱን ቀይ ምልክት እያሳየ ማሳው ድረስ መጣ። ቁጭ አለና የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን ከነክራንቻው አሳየኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እኔም ከንፈሬን በሁለት እጄ ገለበጥኩለት። ረጅም ጊዜ አየኝ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ተነስቶ ተመለሰ፤ መንጋውም ተከትሎት ገደሉ አፍ ላይ ሣሩን ይነጭ ጀመር። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄን ገደሉ እየተቀበለ መለሰልኝ።

ገብሱ ገባ። ደባርቅ ወርጄ ከሕፃናት መሀል ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ወሬውን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። እትየ ዘውዴ ብትሰማ «ዘመዱ መስለሽው ነው» ብላ መንደሩን ታስቅብኛለች፤ አባቴ ደግሞ ጭላዳ ለሴት ይመለሳል ቢሉት የሚያምን ሰው አልነበረም።

ዛሬ መንደራችን የለም። ሰዉ ወደ ደባርቅ ሄዶ ሰፍሯል፤ ማሳችን ላይ ጓሳ በቅሏል። ያኔ በጅራፍ የምናባርራቸውን ጭላዳዎች አሁን ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ መሀላቸው ቁጭ ብሎ በፍቅር ያያቸዋል። ዐምና፣ አሁን ከኔ ጋር ጎንደር የሚኖረውን ያረጀውን አባቴን በመኪና ይዤው ወደ ፓርኩ ወጣሁ። ሣሩ ላይ እንደተቀመጥን አንድ አውራ ፊት ለፊታችን ከንፈሩን ገለበጠ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት።

ቅር ያለው መሰለኝ።

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«አያምኑኝም ብዬ ነዋ፣ አባየ።»

አጠገባችን የቆመውን የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውቱን፣ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔን አንድ ጊዜ ጭላዳዎቹ ከማሳው እስከ ደጃችን አባረውኛል። እናትሽ እንኳ አልሰማችም» አለኝ። ሳቁ እየተናነቀው ጨመረ፦ «እንግዲህ እኔ ያቃተኝን ነው ላንቺ የሰጠሁት!»