የልመና ዱቄት

የበቆሎ፣ የስንዴና የጤፍ ዱቄት አንድ ላይ ሲደባለቅ ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ? ሌላውን ሰው የወፍጮ ቤት ብናኝ ያስነጥሰዋል፤ እኔን ያስለቅሰኛል። ዛሬም በደጃፉ ሳልፍ ያ ሽታ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ወደነበረችው የእናቴ ትንሽ ሆቴል ይመልሰኛል።

እናቴ ከደጋ የወረደች ሴት ነበረች። ታናሽ ወንድሜ በሆዷ እያለ አባቴ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሾፌሩንም የከብት ነጋዴውንም እየመገበች ሁለታችንን ብቻዋን ያዘች። ከማንም ምንም አትቀበልም። ፊት ለፊታችን የሚኖረው ሙስሊም ነጋዴ ለኢድ ቴምር ሲልክልን እንኳ፣ ሳህኑን ሞልታ እስክትመልስ ድረስ እረፍት አልነበራትም። "የሰው ፊት እሳት ነው" ትለን ነበር።

በየማለዳው በራችን ጥግ የምትቆም አንዲት አሮጊት ነበረች። "ስለ ማርያም" ትላለች፣ ቀስ ብላ። እናቴ ትሰጣታለች፤ ግን ከነምክሩ ነው። እጅ እግር እያላት ለምን ሳህን እንኳ አታጥብም? አሮጊቷ ምክሩንም ትራፊውንም እኩል ተቀብላ፣ መርቃ ትሄዳለች። እኔም እናቴ ልክ ናት እል ነበር። አሁንም ጨርሶ ተሳስታ ነበር አልልም፤ ያቆመን ያ ኩራቷ ነው።

ወንድሜ ድክ ድክ ማለት እንደጀመረ ታመመ። ሆስፒታል ተኛ፣ ተሽሎት ወጣ፣ ትኩሳቱ ተመልሶ ያዘው። እናቴ መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጠዋለች፤ ልጁ ግን እጇ ላይ እየቀለለ ሄደ። በመጨረሻ ለማርያም ተሳለች። ከየቤቱ ዱቄት ለምና፣ ዳቦ ጋግራ፣ ነዳያንን ልታበላ። ጓዳችን በጆንያ ዱቄት ተሞልቶ ለምን እንደምንለምን አልገባኝም።

"ከጆንያዬማ ስሰጥ ኖሬያለሁ" አለችኝ። "አሁን የምሰጣት ያልሰጠኋትን ነው።"

ወንድሜን ለወጥ ሠሪዋ ትተን ልንወጣ ስንል፣ እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ቀረች። መራመድ አቃታት። አሮጊቷ የዘወትር ቦታዋ ላይ ነበረች። ነገሩ ሲነገራት አልሳቀችም፣ አልተገረመችምም።

"እጅሽን አትዘርጊ፣ የነጠላሽን ጫፍ ያዢ" አለቻት። "በሩ መሃልም አትቁሚ፤ የሌለው ሰው እንዳያፍር ጥግ ያዢ።"

እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት።

መጀመሪያ የሄድነው ያገሯ ሰው ወደሆነ ባለሱቅ ነው። የቀለደች መስሎት ሳቀ። ነገሩ ሲገባው ወደ ውስጥ ገባና የጤፍ ዱቄት ይዞ ወጣ፤ ነጠላዋ ላይ ሲያፈስ ቀና ብሎ አላያትም። ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት የበቆሎ ዱቄት ሰጥታ በኦሮምኛ መረቀቻት። አንዱ ቤት ግን በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ "እግዜር ይስጥሽ" አሉ። ሆቴሉ ሲጨናነቅ እናቴ ራሷ አሮጊቷን የምትሸኝበት ቃል ነበር። ፊቷ በላብ ሲጠመቅ አየሁ።

የነጋዴው በር መጨረሻ ቀረ። እናቴ እንደተነገራት ጥግ ይዛ "ስለ ማርያም" አለች። ነጋዴው ወጥቶ አያት፣ ነጠላዋንም አየ። ምን ሆነሽ ነው ብሎ አልጠየቃትም።

"እህቴ፣ መርየምን እኛም እናውቃታለን" አለና "ቢስሚላህ" ብሎ የስንዴ ዱቄት በገዛ እጁ አፈሰሰላት። ሚስቱ ከመጋረጃው ጀርባ ስታለቅስ ይሰማን ነበር።

ያ ሁሉ ዱቄት አንድ ላይ ተቦካ። ሊጡ ኩፍ አላለም፤ ዳቦውም ሲቆረስ እጅ ላይ ፈረሰ። የመጀመሪያውን ቁራሽ እናቴ ለአሮጊቷ በሁለት እጇ ሰጠቻት፣ ያለ ምክር። ለወንድሜ ሻይ ውስጥ ነክረን አቀመስነው። መጠጠና ፈገግ አለ። በዚያች ፈገግታ ስንቱን ተስፋ አደረግን።

ሳምንቱ ሳይወጣ ሞተ።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ኢትዮጵያ በኩል ስለሆነ ትንሿን ሳጥን ይዘን ድንበሩን በእግር ተሻገርን። ሳጥኑን ነጋዴው ተሸክሞ ነበር። ቅጥሩ በር ላይ ለባለሱቁ አስረከበና ፍትሐቱ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወተት ሻጯም አብራን ነበረች። አሮጊቷም እናቴን ክንዷን ይዛ ነበር። በራቸውን ሳይከፍቱ የሸኙን ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል።

ከቀብር ስንመለስ የነጋዴው ሚስት ሩዝ በድስት ይዛ መጣች። እናቴ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ተቀበለቻት፣ በላች፣ አለቀሰች። ድስቱ ባዶውን ተመለሰ። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን ስትመልስ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ዓመታት አልፈው፣ እኔ አድጌ፣ እሷ ሊጥ እያቦካች ሳለ ያ በሆዴ የቀረ ነገር አመለጠኝ። ስለቱ አልሰመረም አይደል አልኳት።

እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቆመ። አሁን እሷም የለችም፤ ያ እጇ ግን ዱቄት በሸተተኝ ቁጥር ፊቴ ላይ ይመጣል።

"ብቻዬን አልቀበርኩትም" አለች። ከዚያ ሊጡን በጨርቅ ሸፈነችው።