ሞኖሳይቷ የዋጠችው

የላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩት ጭሮ ሆስፒታል ነው። በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ከድር ማይክሮስኮፕ ላይ የደም ስላይድ አስቀምጠው፣ «ነጭ ሕዋሳቱን በየዓይነታቸው ቁጠሪልኝ» አሉኝ። ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ቶሎ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። አዩና ወረቀቱን መለሱልኝ።

«ሞኖሳይቶቹን ሁሉ ሊምፎሳይት አድርገሻቸዋል። ትልቋን፣ አስኳሏ እንደ ኩላሊት ጎበጥ ያለውን እያት።»

አፈርኩ። ማወቄን ላሳይ ብዬ፣ «ማክሮፋጅ የምትባለውስ የታለች?» አልኩ።

«እሷን እዚህ አትፈልጊያት። ሞኖሳይት መናኸሪያ ላይ ያለች መንገደኛ ናት። ከአጥንት መቅኒ ወጥታ ደም ውስጥ ጥቂት ቀን ትዞራለች። ቁስል ወይም ሳንባ ውስጥ ችግር ሲፈጠር ከደም ሥር ወጥታ እዚያ ትገባለች። ትገዝፍና ማክሮፋጅ ትሆናለች፤ ጀርም ትውጣለች፣ የሞተ ሕዋስ ትጠርጋለች፣ ከዋጠችው ላይም ቁራጭ አውጥታ ለሌሎቹ ተከላካዮች ታሳያለች። መንገደኛዋ ገለምሶ ከተማ ወርዳ ቤት ያዘች በያት።»

«ማክሮፋጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የምትመጣው?»

«አይደለም። ከፅንስ ጀምሮ ጉበትና አንጎል ውስጥ የኖሩ አሉ። እዚያው ገለምሶ የተወለደም ሰው አለ እኮ!»

መንገደኛዋስ ገና ደም ውስጥ እያለች ትበላ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ያንን በአራተኛው ዓመቴ አንዲት ሴት አስተማረችኝ።

ፋጡማ ትባላለች፣ የቦርደዴ ፍየል ነጋዴ ናት። ትኩሳት አቃጥሏት፣ ራሷን ስታ ባሏ አመጣት። ደሟን ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ በጊምሳ ቀለም ነከርኩ፣ አነበብኩ። ወባ የለም። እዚህም እዚያም ቡናማ ነጠብጣብ አይቻለሁ፤ ቀለማችን ሳይጣራ ስለቆየ ቆሻሻው ነው ብዬ አለፍኩት። «የወባ ተሕዋስያን አልታዩም» ብዬ ፈረምኩ። ያኔ እጅሽ ፈጣን ነው እየተባልኩ እኮራ ነበር።

ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ሄለን ውጤቱን ይዛ ማጅራት ገትር ወደ መጠርጠር ሄደች። ባልየው ግን መስኮቴ ላይ መጣ።

«ሲስተር፣ ወላሂ ወባ ነው! ከመድኃኒት ቤት የወባ ኪኒን ገዝቼ ሁለት ቀን ውጣለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ስላይዱን አውጥቼ እንደገና አየሁ። የቀለም ቆሻሻ ከሕዋሱ በላይ ይንሳፈፋል፤ የማይክሮስኮፑን ትንሿን ማስተካከያ ስታዞሯት ሕዋሱ ሲጠራ እሱ ይደበዝዛል። አዞርኩ። ቡናማው ከሞኖሳይቷ ጋር አብሮ ጠራ። ውስጧ ነው ያለው። ቀጥሎ ያለችውም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋም። ወባ ደም በልቶ የሚተወውን ዝቃጭ መንገደኞቹ ውጠውታል። ተሕዋሱን ኪኒኑ ደሟ ውስጥ አመናምኖታል፤ የተረፈው አንጎሏ ቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጥ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። በእኔ ፊርማ ልትሞት ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ለዶክተር ይንገሩልኝ» አልኩ።

አንዴ በማይክሮስኮፑ አዩ። «ልክ ነሽ። የፈረምሽው ግን አንቺ ነሽ» ብለው ወረቀቱን አስያዙኝ።

በበሽተኞች መሃል አልፌ ገባሁ። «ዶክተር፣ የሰጠሁሽ ውጤት ተሳስቷል።»

«ተሕዋሱን አየሽው?»

«አላየሁም። ሞኖሳይቷ የበላችውን አየሁ፤ ትርፍራፊው ሆዷ ውስጥ አለ።»

መጥታ ራሷ አየች። የማጅራት ገትሩን መድኃኒት ሳታቋርጥ የከባድ ወባውን መርፌ ጨመረች። ፋጡማ በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው ፍየሎቿ ማን ጋ እንደሆኑ ነው። ባልየው የጎረቤት ስም ሲጠራላት፣ «እሱ? በል አሁኑኑ ሂድ!» ብላ ተቆጣችው። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፣ ደግሞም ሳቅሁ።

ዛሬ የጋሽ ከድር ወንበር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አዲስ ለሚመጡት ባለሙያዎች ይህን እላለሁ። በሽተኛው ምን መድኃኒት እንደወሰደ ሳትጠይቁ፣ የሞኖሳይቷንም ሆድ ሳታዩ፣ «አልታዩም» ብላችሁ አትፈርሙ። ፈርማችሁ ከተሳሳታችሁም ወረቀቱን ራሳችሁ መልሱ።