የአባቴ የጆሮ ማዳመጫ እና ባለ ዘጠኝ እግሩ ቫልቭ

ጥቅምት ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፤ ቦታው ጂንካ፣ የፍርድ ቤቱ የችሎት ክፍል። በአስተርጓሚው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ግራጫ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ንብ ገብታበት መውጫ እንዳጣችበት ጣሳ፣ ያለማቋረጥ ያጉረመርም ነበር። ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፎኝ እንኳ፣ ያረጀ ማቀዝቀዣ ወይም የመንገድ ዳር ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም በሰማሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመለስብኛል፤ ከእርሱም ጋር በጋለ ብርጭቆ ላይ የሚቃጠል የአቧራ ሽታ ይመጣል፤ ፊቴም ያን ቀን እንደ ጋለው ይግላል።

አባቴ አቶ ማሞ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። አፉን የፈታው በአሪኛ ሲሆን፣ አማርኛን በልጅነቱ ከሰፋሪዎች ቤት እያደገ፣ ሐመርኛንና በናኛን ደግሞ ከገበያ ለምዶ፣ ቋንቋ በማያገናኛቸው ሰዎች መሐል ቆሞ ኖሯል። በአካባቢያችን ከባድ ነገር የሚናገር ሰው ብቻውን አይናገርም፤ ከአድማጮቹ አንዱ ንግግሩ ባረፈ ቁጥር «እህ» እያለ ይቀበለዋል፤ ተቀባዩ ዝም ካለ ተናጋሪው የሚሰማው እንደሌለ ቆጥሮ ነገሩን ያቆማል። በችሎት ይህ ሥራ የአስተርጓሚው ነበር። የአባቴ ጆሮ እየደከመ በሄደባቸው ዓመታት የሸፈነለትም ይኸው ልማድ ነው። የተናጋሪውን ትከሻ እያየ፣ ትንፋሹ ወጥቶ ትከሻው ሲላላ ጠብቆ «እህ» ይል ነበር፤ አይስትም። ከከንፈር ያነበበውን፣ ከክሱ የሚያውቀውንና ከልምድ የሚገምተውን አጋጥሞ ወደ አማርኛ ሲመልሰው፣ አነጋገሩ እጅግ ያማረ ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም። ቤት ውስጥ ግን እናውቅ ነበር። እናቴ ወጡ ጨው ይበቃው እንደሆነ ስትጠይቀው «ነገ በጠዋት እሄዳለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ እኛም አንስቅም ነበር።

በ፲፱፻፸፩ በጋ፣ ለዓመታት የአገሩን ቋንቋዎች ሲያጠና የኖረ አንድ የውጭ አገር ሰው ዕቃውን ሸክፎ ሲሄድ፣ ብዙ ላገለገለው ለአባቴ ያን ሣጥን ትቶለት ሄደ። በመኪና ባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ነበር፤ በአንድ በኩል ማይክሮፎን፣ በሌላው በኩል ሁለቱን ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ይሰካበታል። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ሁለት ቫልቮች ይታያሉ፤ እነዚህ አየራቸው የወጣ የብርጭቆ አምፖሎች ናቸው፤ ሲሞቁ እንደ ፍም ይቀላሉ፤ አንደኛው ደካማውን የማይክሮፎን ድምፅ ያነሣል፣ ሁለተኛው ለማዳመጫው ያበረታዋል።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሣጥኑ ተከፈተ። እናቴ መጀመሪያ ማይክሮፎኑን ስትይዝ የምትለው ጠፍቷት የጎረቤቶቻችንን ስም ተራ በተራ ጠራች፤ አባቴም እየሳቀ አብሯት ይጠራ ነበር። ከዚያ አጎቴ በአሪኛ ስለ አንድ የድንበር ጠብ ረጅም ታሪክ ጀመረ። አባቴ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ አንድም ጊዜ «እህ» ሳይል፣ ዝም ብሎ አዳመጠ።

አጎቴ ተቀይሞ አቆመና «አንተ ሰውዬ፣ ተኝተህ ነው?» አለው።

«ሁሉንም ሰማሁ» አለ አባቴ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም ደገመለት።

እኛ ደስ አለን፤ እርሱ ግን በዚያ ቀን ራት አልበላም። ማሽኑ ራሱን ያሳመመው መስሎኝ ነበር። እናቴን ብጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለወትሮው ዝቅ ማድረግ የማያስፈልጋት ቤት ውስጥ፣ «በፊት ያስተረጎመላቸውን ሰዎች እያሰበ ነው» አለችኝ። አንድ ሰው ሲናገር ስንት ቃል እንደሚናገር አባቴ ረስቶት ኖሮ፣ ያን ቀን ገና አስታወሰው። እኔም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኝ፣ የበላሁት ሁሉ በግምት የተገኘ መሰለኝ።

በበልግ መግቢያ ሣጥኑን ወደ ችሎት መውሰድ ጀመረ። ለዳኛው የነገራቸው ጆሮው «ትንሽ እንደሚያስቸግረው» ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም ፈቀዱለት። ሣጥኑን እርሱ ይዞ፣ ከባዱን ባትሪ እናቴ በጆንያ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዝላ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር ዳር ይሄዱ ነበር። አሲዱ ልብሷን ከወገቧ በላይ በልቶ ቀዳደው። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ይህን አይተው፣ መምህሩ ጠርቶኝ ሳልሰማ በቀረሁ ቁጥር «ባትሪህን እናትህ ይዛው ሄዳ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባትሪውን የሚሞላልን የወፍጮ ቤቱ ሞተረኛ ጋሽ በላቸው ነበር፤ አባቴ ማዳመጫውን ሲያጠልቅ ባየው ቁጥር «አቶ ማሞ፣ አውሮፕላኗን ቀስ አድርገህ አሳርፋት፤ ከብቶቼ ሜዳው ላይ ናቸው» ይለው ነበር። በችሎት ግን የቀለደ አልነበረም። አባቴ አሁን ሰዎችን «ድገምልኝ» ይል፣ ያልገባውንም ይጠይቅ ስለነበር፣ ነገሩ ከቀድሞው እየዘገየ ዳኛው ይሰለቹ ነበር።

የበልጉ ዝናብ በበረታ ጊዜ የማይክሮፎኑ ቫልቭ ደክሞ ደክሞ ጠፋ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ አውሮፕላን አያርፍም፤ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ተቆርጧል፤ አዲስ አበባ ቢደረስም እንኳ እንዲህ ያለውን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ መገኘቱ ያጠራጥር ነበር። አባቴ እንደ በፊቱ ትከሻ እያየ መሥራት ይችል ነበር፤ አልሞከረውም። ወባ ይዞኛል ብሎ ተኛ። የፍርድ ቤቱ ተላላኪ በመጣ ቁጥር እናቴ በር ላይ ወጥታ ትዋሽለት ነበር፤ እርሱ ውስጥ ሆኖ ምን እያለች እንደሆነ አይሰማም፤ እኔ እሰማ ነበር።

በመጨረሻ ከአንድ ሱቅ ጓዳ የተሰበረ ሬዲዮ ተገኘ። ቫልቮቹ ደኅና ናቸው፤ ነገር ግን የእኛ ሣጥን ቫልቭ ጥቁር መቀመጫና ስምንት ወፋፍራም እግሮች ሲኖሩት፣ የሬዲዮው ቀጭን ሆኖ ዘጠኝ እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች ነበሩት፤ በሣጥኑ ቀዳዳ ሊገባ አይችልም። ጋሽ በላቸው የሞተውን ቫልቭ ብርጭቆ ሰብሮ ጥቁር መቀመጫውን ብቻ አስቀረ፤ ከሬዲዮው የነቀለውን ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሶኬት በላዩ ተከለ፤ ከዚያ የአንዱን እግር በሌላው ላይ ያንኑ ሥራ ከሚሠራው እግር ጋር በቀጫጭን ሽቦ አገናኘ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚያሞቀው እግር በአንዱ ዓይነት ቫልቭ ያለበት ቦታ በሌላው ዓይነት ላይ አይገኝም፤ አንድ ሽቦ ቢሳሳት ቫልቩ ወይ አይበራም ወይ ይቃጠላል። ሽቦዎቹን በትክክል አገናኝቷቸው ነበር፤ ይህን በኋላ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ስማር ራሴ በሥዕል አረጋግጫለሁ። ነገር ግን የበየዳቸው የጣራ ቆርቆሮ በሚበየድበት አሲድ ነበር፤ በእጁ የነበረው እርሱ ብቻ ነውና። ያ አሲድ ከብየዳው በኋላም ሥራውን አያቆምም፤ ቀጭን ሽቦን በዝግታ ይበላል።

ክረምቱን በዚያ አለፍን። አዲሱ ቫልቭ ጋሽ በላቸው በሠራው ማስተላለፊያ ላይ ቆሞ ስለ ረዘመ ክዳኑ አይገጥምም፤ ጣት ቢነካው በማዳመጫው ውስጥ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ያም ሆኖ ቃል ይሰማበት ነበር። አባቴ «ከወባው ድኖ» ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። እናቴና እኔ ባትሪውን መልሰን ለመውሰድ ችሎቱ በር ላይ ቆመናል። አንዲት ሴት በልጅዋ ላይ ስለ ደረሰ ድብደባ በአሪኛ ትመሰክራለች፤ አባቴ ይቀበላታል። በድንገት እጁ ወደ ማዳመጫው ሄደ፤ ቫልቩን ነካ፤ ሣጥኑ ማጉረምረሙን አላቆመም። ዓይኑ ወደ ሴትዮዋ ትከሻ ሲሄድ አየሁት። ትከሻዋ ላላ ሲል፣ «እህ» አለ። እናቴ ክንዴን ጨመቀች። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ ትከሻዋ ዳግመኛ ላላ። አባቴ ዝም አለ። እርሷም ዝም አለች።

ዳኛው «አቶ ማሞ፣ ምን አለች?» አሉት።

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተነሥቶ ቆመ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አልሰማሁም» አለ። ዳኛው ማሽኑ እስኪጠገን ቀጠሮ ሊሰጡ እንደሆነ ከከንፈራቸው እንቅስቃሴ ሳይገምት አልቀረም፤ ቢቀመጥ ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። «ይህ ሣጥን ከመምጣቱ በፊትም አልሰማም ነበር» ብሎ ጨመረ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው። አማርኛ የማያውቁት ባለጉዳዮች ምን እንደ ተባለ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ ጀመር፤ የሚያስተረጉምላቸው ግን አልነበረም። አባቴ ይህን አይቶ ወደ እነርሱ ዞረና ያንኑ ቃል በአሪኛ ደገመላቸው። እኔ የእናቴን የተቀዳደደ ልብስ እያየሁ፣ ምነው አማርኛውን ብቻ ብሎ ቢተወው እያልሁ ቆሜ ነበር።

ከሥራው አላባረሩትም፤ የዚያው ግቢ በረኛ አደረጉት። ጋሽ በላቸውም የተበላውን ሽቦ ቀይሮ ማስተላለፊያውን አደሰለት።

በቀጣዩ በጋ አንድ ገበሬ ከደጋው አገር ከገዘር ወርዶ ቤታችን መጣ። ስሙን አልጽፈውም፤ ልጆቹ አሁንም እዚያው አሉ። የጎረቤቱን ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ፣ ሣጥኑ ከመምጣቱ በፊት አባቴ ባስተረጎመበት ችሎት ተፈርዶበት፣ እስራቱን ጨርሶ ገና መውጣቱ ነበር። አልተቆጣም። የቀረበለትን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «ያን ቀን እስከ መጨረሻው ሰምተኸኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ጥያቄውን ከሰውዬው ፊት አውቆት፣ ባትሪውን እንዳገናኝ በእጁ ጠቆመኝ፤ ማይክሮፎኑንም ለሰውዬው ሰጠው። ሰውዬው በችሎት የተናገረውን ሁሉ እንደ አዲስ ተናገረ፤ አባቴም እያንዳንዱን ተቀበለለት።

ሲጨርስ አባቴ «እኔስ ለዳኛው ምን አልሁ?» አለው።

«እኔ አማርኛ የት አውቃለሁ፣ ወንድሜ? እርሱን የምታውቀው አንተ ነህ።»

አባቴ «አላስታውስም» አለ።

ሰውዬው ማይክሮፎኑን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ተሰናብቶን ወጣ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ማዳመጫውን ቤት ውስጥ እንኳ አላጠለቀውም፤ እናቴ የምትለውን በእጅዋ ታሳየው ነበር።

የእርሱ ጆሮ በውርስ ለእኔም ደርሶኛል። እኔ የማጠልቀው መስሚያ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ለእርሱ የማንም ጀርባ አያስፈልግም፤ አይጋልም፣ አያጉረመርምም። ሳልሰማ ስቀር የልጅ ልጆቼ ፈገግ ብለው ይደግሙልኛል፤ ነገሩም ስለ ምሳ ወይም ስለ ታክሲ ነው፤ ማንም በእርሱ አይታሰርም። አባቴ ግን ሲሰማ የዋለውም ሳይሰማ የዋለውም የሰው ጉዳይ ነበር፤ እኔም በዚያ እንጀራ አድጌ፣ በዚያ ተምሬ፣ ዛሬ የምመሰክረው የሽቦዎቹን ትክክለኛነት ብቻ ነው።

የችሎቱ መዝገብ በ፲፱፻፹፫ የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ከሌሎች መዝገቦች ጋር ጠፍቷል። ጎተራውን ማን እንዳቃጠለ አልታወቀም። በገዘሩ ሰው ላይ ከመፈረዱ በፊት አባቴ በእርሱ ስም ለዳኛው ምን እንዳለም አልታወቀም።