ያልተጻፈበትን የሚያነብ ማጫወቻ

ምንም ያልተጻፈበት ገጽ እንዴት ይነበባል? ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ጥያቄው ያደረብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻ የገዛሁ ሰሞን ነው። እስካሁን ዲስክ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ወንድሜ ጅቡቲ ሲያገባ እናቴ ታማ ስለነበር መሄድ አልቻለችም። የሠርጉ ዲስክ ሲላክልን ደግሞ ቤታችን ቴሌቪዥን እንጂ ማጫወቻ አልነበረውም። "ልጄን ሙሽራ ሆኖ ሳላየው እንዳልሞት" እያለች ስትነዘንዘኝ ገበያ ወጣሁ።

ሻጩ የራሱን ዲስክ ላፍ አድርጎ አስገብቶ ሞከረልኝ።

"አቦ እህቴ፣ ይሄ የተቧጨረውንም ያነባል፣ ዋላሂ!"

"ያነባል" ያላት ቃል ልቤን ገዛችው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። በንባብ ቀልድ አላውቅም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ስገባ መመሪያው በቻይንኛ ሆኖ አገኘሁት። በራሴ አእምሮ ተመራሁ። የሚነበበው ጽሑፍ ነው፤ የማሽኑ ዓይን ያለው ከታች ነው። ስለዚህ የሙሽሮቹ ስም የተጻፈበትን ገጽ በጥንቃቄ ወደ ታች አድርጌ አስገባሁ። ማሽኑ "ዲስክ የለም" አለኝ፣ በእንግሊዝኛ።

ተሸክሜው ተመለስኩ። በሻጩ ዲስክ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የእኛን ዲስክ አልወሰድኩም፤ የወንድሜን ሠርግ ለገበያተኛ ላሳይ? እቤት ስመልሰው እንደገና እምቢ። ደግሜ ወሰድኩት።

"አንቺ፣ ከዕቃው ጋር ተጣልተሻል እንዴ?" አለኝ ሻጩ።

ስለ ሐቀኛ ንግድ ረዘም ያለ ንግግር አደረግኩለት። ሰው ቆሞ አዳመጠኝ።

የዚያን ዕለት እናቴ ጎረቤት ጠርታ፣ አዲስ ሻሿን አስራ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ባስገባው፣ ባወጣው፣ ያው ነው።

"የድሬ ሙቀት አቅልጦታል! አቦ ተዪው" አለች ጎረቤታችን ፋጡማ።

ሴቶቹ ለመሄድ ተነሱ። እናቴ ግን አልተነቃነቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሲሞላ አየሁ። ዲስኩን ሳወጣ አምልጦኝ እግሯ ሥር ወደቀ። አንስታ ሰጠችኝ፣ ሳላገላብጥ እንደሰጠችኝ አስገባሁት።

ወንድሜ ሙሽራዋን ይዞ ብቅ አለ! ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናቴ ቴሌቪዥኑን አቅፋ ሳመችው።

"የተማረ ይግደለኝ!" አለች ፋጡማ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ዲስኩን ሳወጣ፣ የሙሽሮቹ ስም ወደ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ለማንም ሳልናገር ማጫወቻውን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ የተበላሸ ሬዲዮ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። እኔም እንደ ሐኪም አገላብጬ አየውና "ሙቀት ነው" እላለሁ።

በቅርቡ እናቴ "ያን ቀን ምን አድርገሽ ነው ያሠራሽው?" ብላ ስትጠይቀኝ መዋሸት አቃተኝ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለማንም ላትናገር በማርያም ስም ማለችልኝ። እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ድምፅዋን በመስኮት ሰማሁት፤ "ፋጡማ! ነይማ፣ ጉድ ስሚ!"

አሁን ሳቢያን ውስጥ ያልሰማ የለም። የቀራችሁት እናንተ ነበራችሁ።