የጠቆረው ቅቤ

ባለፈው ሰሞን ጉልበቱ የተላጠ ልጄን ክሊኒክ ወስጄው፣ ነርሷ የአዮዲኑን ጠርሙስ ስትከፍት ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይዞኝ ሆሳዕና ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ልጁ ሳያለቅስ እኔ አለቀስኩ።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ቲቸር ላምቦሬ ነበር። ፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ እኛ ርዕሱን ጽፈን ሳንጨርስ ሙከራውን ጨርሶ ስለሚሰናበተን፣ ቲቸር ድምፁን ይዘጋውና ከየቤታችን ያመጣነውን ድንች፣ ቆጮ፣ ማርና ሳሙና ደርድሮ፣ ከጤና ጣቢያ ለምኖ ያገኘውን አዮዲን ጠብ ያደርግበታል፤ ስታርች ያለበት ሁሉ ሲጠቁር ጠንቋይ ቤት የገባን ይመስል አፋችንን እንከፍታለን። አንዱማ ምሳውን በሙሉ አጥቁሮ ጦሙን ውሏል።

አንድ የገበያ ቀን ታምራት የሚባል የክፍላችን ልጅ፣ እናቱ ጠዋት ከእናቴ የገዛችውን ቅቤ ቆንጥሮ አመጣ። የእናቴ ቅቤ በሌሞ ወረዳ የተመሰገነ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ጠበቅሁ። ጠብታው አርፎ ቅቤው እዚህም እዚያም ጠቆረ። ቲቸር ሙከራው ስለሠራለት ደስ ብሎት፣ ስታርች የሚባል ኬሚካል አለበት አለን። እሱ ዘንድ ኬሚካል ማለት ውኃም ነው፣ ጨውም ነው፤ ገበያ ዘንድ ግን መርዝ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ቅቤ ውስጥ የማይቀላቀል ነገር የለም ተብሎ ሰው ሁሉ ተጠራጣሪ ሆኖ ነበር። ደወሉ እንደተደወለ ታምራት ወሬውን ይዞ ወደ ገበያው በረረ፤ እኔም ልቤ ፈርቶ ተከተልኩት።

ስደርስ እናቴ ጭቃው ላይ ወድቃለች። ለዓመታት ከጎኗ ተቀምጠው የሸጡ ሴቶች ሳይቀሩ፣ ልጆቻችንን ልትፈጅ ነው እያሉ ሆዷን ይረግጣሉ፤ ወንዶቹ በድንጋይ ፊቷን ፈንክተውታል። አንድ ባለጋሪ ዱላውን ቀኝ ክንዷ ላይ ሲያሳርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ጠላኋቸው፤ ዛሬም ጥላቻው ጨርሶ አልወጣልኝም።

ቲቸር ላምቦሬ እየሮጠ መጥቶ ላይዋ ላይ ተደፋ። እሱንም ጥርሱን አወለቁት። ደሙን እየተፋ፣ ቅቤው ተጠቅልሎበት የነበረውን የእንሰት ቅጠል ከጭቃው አነሳና በእጁ ሲዳብሰው፣ እናቴ አስቀድማ የገንፎ ቡላ የቋጠረችበት ኖሮ ነጩ ዱቄት ጣቱ ላይ ቀረ።

«ቡላ ነው» አለ፤ «ስታርች ያልኳቸው ቡላ ነው፤ ሁላችሁም የምትበሉት።»

ሰዉ ድንጋዩን እየጣለ፣ ማንም ማንንም ሳያይ ወደየንግዱ ተመለሰ።

ቲቸር በዚያው ዓመት ወደ ጊምቢቹ ተዛወረ፤ ክፍላችንም ከፕላዝማው ጋር ቀረ። እናቴ በሕይወት ተረፈች፣ ወተት የምትንጥበት ክንዷ ግን ታጥፎ ደረቀ፤ ቅቤ ስንሸጥ የኖርን ሰዎች ቅቤ ገዢዎች ሆንን። ከእነዚያው ከረገጧት ሴቶች ነበር የምንገዛው። አንዳቸውም ይቅርታ ብለዋት አያውቁም። እሷ ግን በግራ መቀበል ነውር ነውና፣ እጇን በዘረጋች ቁጥር አንገቷን ደፍታ «በግራዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ» ትላቸው ነበር።